ለአዳማ ሠርግ ሙሉ ልብስ፦ ከውጭ ይዤ ልምጣ ወይስ እዚያ ላሰፋ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጀርመን ነው። አብሮ አደጌ ጥር ላይ አዳማ ያገባል፤ አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ሚዜዎቹ በሙሉ ጥቁር ሰማያዊ እንድንለብስ ተስማምተናል። ልብሱ ከሠርጉም በኋላ ለዓመታት እንዲያገለግለኝ ስለምፈልግ ጥሩውን መግዛት ነው ሐሳቤ።

ደረቴ 104 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እዚህ ቁጥር 52 ማለት ነው። ሱቅ ገብቼ የለካሁት ኮት ትከሻዬ ላይ ልክ ተቀመጠ። ሱሪው ግን ወገቤ ላይ በጣም ሰፋኝ። ትንሽ ቢሆን ይጠብ ነበር፤ ያን ያህል ሲሰፋ ግን ሲጠብ ኪሶቹ ወደ ኋላ ይሳባሉ፣ ቅርጹም ይበላሻል። በኦንላይን ያዘዝኩት ደግሞ ልኩ ጥሩ ሆኖ ጨርቁ ከነገበሩ ፖሊስተር ነው። መለስኩት። የአዳማን የቀትር ፀሐይ የምታውቁ ትረዱኛላችሁ፤ በዚያ ላይ የፎቶ ፕሮግራሙ ውጭ ነው። ሊነን አየር ያስገባል፤ ግን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲወርዱ ተጨማዶ ነው የሚገኘው።

አሁን ንጹህ የሱፍ ጨርቅ አግኝቻለሁ። ሳሳ ያለ፣ በሜትር 250 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ወርዱ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። ለኮትና ለሱሪ 3 ሜትር ተኩል ይበቃል። ይዤው ብመጣ ከሠርጉ ሁለት ሳምንት በፊት አዳማ እደርሳለሁ። የሚያሳስበኝ ጥር የሠርግ ወር መሆኑ ነው።

እዚያ ያሰፋችሁ ንገሩኝ፦ በዚህ ጊዜ ውስጥ፣ መሃል ላይ አስለክቶ እያስተካከለ ሙሉ ልብስ የሚያደርስ ልብስ ሰፊ አዳማ ላይ ይገኛል?