የሞዴሉ ዳታና የግቢው መለኪያ ለምን አይገጥሙም? (ጣርማ በር አካባቢ)

ጠያቂ
ሰላም ለሁላችሁ። ጣርማ በር አካባቢ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ቴርሞሜትርና የዝናብ መለኪያ ተክለናል። ከኢአርኤ5 (ያለፈውን የአየር ሁኔታ በሞዴልና በምልከታ መልሶ የሚያሰላ የአውሮፓ ዳታ) የሰዓት ቁጥሮች ጋር ሳስተያየው ሞዴሉ ሁልጊዜ ከእኔ ቴርሞሜትር በ5 ዲግሪ ገደማ ያስበልጣል። ዝናቡ ደግሞ በቀን ይዛነፋል፤ ማክሰኞ የመዘገብኩት ዳታው ላይ ሰኞ ነው ያለው። ስህተቱ የማን ነው?

ባለካርታ
የማንም ላይሆን ይችላል። ኢአርኤ5 መሬቱን በሳጥን ከፋፍሎ ነው ቁጥር የሚሰጠው፤ የአንዱ ሳጥን ጎን 0.25 የኬክሮስና የኬንትሮስ ዲግሪ ነው፤ በእኛ አገር ወደ 28 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያ ስፋት ውስጥ ደጋውም፣ ገደሉም፣ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው ቆላም ይገባል። ሞዴሉ ለሁሉም አንድ አማካይ ከፍታ ነው የሚሰጠው። ያንን ከፍታ አውጣው፦ የምድር ገጽ ጂኦፖቴንሻልን (ከፍታው በምድር ስበት ተባዝቶ የተቀመጠበትን ፋይል) አውርደህ ለ9.80665 ብታካፍለው በሜትር ይመጣል። ለምሳሌ 2,200 ሆኖ ከተገኘ ልዩነቱ 800 ሜትር ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስታስብ ከሞዴሉ ላይ 5.2 ዲግሪ ትቀንሳለህ።

ይህ ሒሳብ ለቀን ነው የሚሻለው። ጥርት ባለ የበጋ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወደ ረባዳው ስለሚወርድ ታች ያለው መስክ ከኮረብታው በላይ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የቀኑንና የሌሊቱን ለየብቻ አስላ።

ዝናብ ቆጣሪ
የቀኑ መዛነፍ ከንባብ ሰዓት ነው። መለኪያ የሚነበበው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ማክሰኞ ጠዋት ያገኘኸው ውሃ ባብዛኛው ሰኞ ከሰዓት የዘነበው ነው። የሞዴሉ ቀን ግን በግሪንዊች እኩለ ሌሊት፣ ማለትም በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ይቀየራል። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በግሪንዊች 06 ሰዓት ስለሆነ ከሰኞ የግሪንዊች 07 ሰዓት እስከ ማክሰኞ 06 ሰዓት ያሉትን 24 ቁጥሮች ደምር። እያንዳንዱ ቁጥር እስከዚያች ሰዓት ድረስ ባለው አንድ ሰዓት የወረደው ነው። አሃዱ ሜትር ስለሆነ ሚሊ ሜትር ለማድረግ በ1,000 ማባዛት አትርሳ።

መለኪያውንም ፈትሽ። ክብ አፉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 31.4 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ይራቅ። ገደል አፋፍ ላይ ከሆነ ነፋሱ ጠብታውን አፉ ላይ ስለሚያሳልፈው ከዘነበው ያነሰ ትይዛለህ።

ደገኛ
ቀኑን ብታስተካክልም መጠኑ በየቀኑ ይገጥማል ብለህ አትጠብቅ። አንድ ዶፍ አንዱን ቀበሌ አጥለቅልቆ ጎረቤቱን ሊያልፈው ይችላል፤ ሞዴሉ ግን በሳጥኑ ሁሉ በትኖ ካፊያ ያደርገዋል። የ10 ቀን ድምር ነው ማነጻጸር ያለብህ።

ለገብስና ለባቄላ ውርጭ ፈርተህ ከሆነ ግን በዚህ ዳታ አትጠብቅ። የሚወጣው በ5 ቀን ገደማ ዘግይቶ ነው፤ ትንበያ አይደለም። ሙቀቱም የ2 ሜትር ከፍታ ስለሆነ 3 ዲግሪ እያሳየ መሬቱ ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ። ለየብስ ብቻ የተዘጋጀውን፣ ሳጥኑ 9 ኪሎ ሜትር የሆነውን ኢአርኤ5-ላንድ ብጠቀምስ?

ባለካርታ
ለሙቀት ተጠቀምበት፤ በራሱ ከፍታ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፣ አንተ የቀረውን ልዩነት ብቻ ታርማለህ። ዝናቡ ግን ከዚያው ከ28 ኪሎ ሜትሩ ተወስዶ በትናንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ስለሆነ አዲስ መረጃ የለውም።