ገነት፣ ፍርድና ተዝካር፦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራለሁ። የሚቀጥለው ርዕሳችን ከሞት በኋላ ስላለው ሕይወት ነው፤ እኔ ግን ዝግጅቱ መሃል ላይ ግራ ገብቶኛል።

እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት የጻድቃን ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ወደ ገነት፣ የኃጥአን ደግሞ ወደ ሲኦል ትሄዳለች። መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ከትንሣኤ ሙታን በኋላ ናቸው። ጌታ ለወንበዴው በዚያው ቀን ገነትን የሰጠው በሉቃስ 23፥43 ነው። «መንግሥቱን ውረሱ» የሚለው ግን ለፍርድ ሲቀመጥ ነው፣ ማቴዎስ 25፥34። እዚህ ድረስ ችግር የለም።

ሰው ሲሞት የነፍሱ ቦታ ወዲያው ከተለየ የመጨረሻው ፍርድ ለምን ያስፈልጋል? ሥጋም ተነሥቶ ከነፍስ ጋር ዋጋውን እንዲቀበል ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ያሳምነኛል። የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ፍትሐቱ (ለሟች የሚደረገው ጸሎት) እና የ40 ቀን ተዝካሩ ለሟች ነፍስ የሚጠቅሙት እንዴት ነው? በሉቃስ 16 ከሞቱ በኋላ በአልዓዛርና በባለጠጋው መካከል ያለው ገደል እኮ አያሻግርም! ከተማሪዎቼ አንዱ ይህን ሳይጠይቅ አይለቀኝም፤ ልጁን አውቀዋለሁ።

ፕሮቴስታንት ጓደኛዬ ጳውሎስ ሄዶ ከክርስቶስ ጋር ለመኖር መናፈቁን የጻፈበትን ፊልጵስዩስ 1፥23ን ጠቅሶ ለሙታን መጸለይ አያስፈልግም ይላል። እሱን ለመርታት አይደለም የምጠይቀው። አባቶችና መምህራን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ገደሉንና ተዝካሩን እንዴት አስማምታ ታስተምራለች? ለ15 ዓመት ልጅ በሚገባ አማርኛ፣ ከነጥቅሱ ብትጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ትምህርቱ የፊታችን እሑድ ነው።