ነጠላው ላይ ቀይ ክር ለቀቀብኝ፣ የቀሚሱም መስቀል ረዘመ፤ ምን ላድርግ?

ጀማሪዋ (አዳማ)፦
ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ለእናቴ የጥምቀት ቀሚስና ነጠላ በእጄ እየጠለፍኩ ነው። ጨርቁ የሸማኔ ሥራ ነው፤ ሳላጥበው ነው የጀመርኩት። መርፌ ከያዝኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፣ ያስተማረኝም ሰው የለም። ለጥምቀት አራት ሳምንት ቀርቶኛል፤ ሦስት ነገር ባንዴ ተበላሸብኝ።

ነጠላውን ጨርሼ ዛሬ ጠዋት ለብ ባለ ውሃ ሳጥበው ቀዩ ክር ቀለሙን ለቀቀ። ከጥልፉ ዙሪያ ሁለት ጣት የሚያህለው ሮዝ ሆኗል። እንደረጠበ ጠቅልዬ ሳፋ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የቀሚሱን ደረት ደግሞ ባለካሬ ወረቀት ላይ ወርዱም ቁመቱም 48 ካሬ የሆነ መስቀል ስዬ፣ እያንዳንዱን ካሬ በአራት ክር ወርድ፣ በአራት ክር ቁመት እየቆጠርኩ ጠለፍኩት። ሲያልቅ ወርዱ 16 ሴንቲ፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሆነ። ዙሪያውም ተሸብሽቧል። እጅጌውን ገና አልጀመርኩም። የተጠቀምኩት ስድስቱን ቀጫጭን ክር ሳልለያይ ነው፤ ጨርቁም ሦስት ሳምንት ሙሉ ከክብ ማወጠሪያው አልወጣም። እባካችሁ ከነጠላው ጀምሩልኝ።

የሦስት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)፦
አትተኩሺው! ፀሐይ ላይም አታስጪው! ቀለሙ ሳይደርቅ ይወጣል፤ ከደረቀና ካውያ ከነካው በኋላ ግን በጣም ይከብዳል። የጠቀለልሽውን አሁኑኑ ፍቺው፣ ምክንያቱም ሮዙ በእጥፋቱ በኩል ወደ ንጹሑም እያለፈ ነው።

ትልቁን ሳፋሽን በቀዝቃዛ ውሃ ሙዪው። አንድ ማንኪያ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሪና ነጠላውን ሳታጥፊ፣ ሳትፈትጊ ዘርግተሽ አስምጪው። ውሃው ሲቀላ ድፊና ቀይሪ። ውሃው ጥቂት ከሆነ የወጣው ቀለም ተመልሶ ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ብዙ ውሃ ይሁን። እኔ የልጄን የክርስትና ልብስ እንዲህ አድርጌ ነው ያተረፍኩት፣ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። በረኪና እንዳታስጠጊ፤ የጠለፍሽውን ሁሉ ያደበዝዘዋል።

ሀዋሳ ነኝ፦
እናቴ ጨውና አቼቶ ውሃ ላይ ጨምራ ትዘፈዝፍ ነበር፤ ቀለም ይይዛል ትላለች። እሱንም ብትሞክሪው።

የሦስት ልጆች እናት (ባሕር ዳር)፦
የኔ እህት፣ ይሄን እኔም ሰምቼ አድጌያለሁ፤ ለጥጥ ክር ግን አይሠራም። ጨው ጥጥ ገና ሲነከር ቀለሙ ወደ ክሩ እንዲገባ ያግዛል፣ አቼቶ ደግሞ ለሱፍና ለሐር ቀለም ነው። ተነክሮ ያለቀ ክር የተረፈውን ቀለም ከመልቀቅ አያግዱትም። እንደውም አሁን የምንፈልገው ትርፉ ቀለም እንዲወጣ ነው፤ እንዲይዝ አይደለም።

ሸማኔው (ሽሮ ሜዳ)፦
እህቴ፣ ስለ መስቀሉ መርዘም እኔ ልንገርሽ። የኔ ቤተሰብ ከጋሞ ደጋ የመጣ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጉድጓድ ላይ ተቀምጬ ሸማ የምሠራ ሰው ነኝ። ጥፋቱ የቆጠራሽ አይደለም። የሸማ ድርና (ወደ ቁመት የሚሄደው ክር) ማግ (ወደ ጎን የሚገባው ክር) እኩል አይቀመጥም። ድሩ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው፣ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ። ማጉ የእጅ ፈትል ከሆነ ወፈር ይላል፤ ምን ያህል እንደሚጠጋጋ የሚወስነውም የሸማኔው እጅ ነው።

አንድ ወረቀት ወስደሽ መሃሉን አምስት በአምስት ሴንቲ አድርገሽ ቅደጂው። ጨርቁ ላይ አስቀምጪና በመስኮቷ ውስጥ ድሩን ለብቻ፣ ማጉን ለብቻ ቁጠሪ። በመርፌ ጫፍ እየነካሽ ብትቆጥሪ አይምታታብሽም። ሦስት ቦታ ቁጠሪ፤ ሸማኔ ጠዋት የመታውና ማታ ደክሞት የመታው ማግ አንድ አይነት አይሆንም።

ጀማሪዋ (አዳማ)፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ቆጠርኩ። በአምስት ሴንቲ ውስጥ ድሩ 60፣ ማጉ 48 ሆነ። አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ማጉ 47 ነው። ነጠላው ሦስተኛ ውሃ ላይ ነው፤ አሁንም ሮዝ ይወጣዋል።

ሸማኔው (ሽሮ ሜዳ)፦
በቃ፣ ተገኘ። 60 ለ48 ማለት አምስት ለአራት ነው። ወርዱን በአምስት ድር፣ ቁመቱን በአራት ማግ ብትጠልፊው እያንዳንዷ ካሬ እኩል ትወጣለች። ያ 16 ሴንቲ የወጣው ወርድ 20 ሴንቲ ይሆናል። የእጅጌውን ጥልፍ ከመጀመርሽ በፊት ግን ወርዱ ይበቃሽ እንደሆነ ለኪ፤ ሥራው ወደ ጎን ይሰፋል።

እማማ (ኔታንያ)፦
ልጄ፣ እኔ ጥልፍ የተማርኩት ጎንደር ነው፤ ወደ እስራኤል ለመምጣት ተራ ስንጠብቅ። የአገር ቤት ኑሮና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ እየጠለፍን ነበር የምንተዳደረው። ቀኑ ረጅም ነበር፣ መርፌው ያሳጥረው ነበር። እዚያ የለመድኩትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ክርሽን አንድ ክንድ ብቻ አድርገሽ ቁረጪ። ከዚያ በላይ ሲሆን ይፈተላል፣ ይቋጠራል፣ ጨርቁን ይጎትታል። ከስድስቱ ቀጫጭን ክር አንዱን ጫፍ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው፤ ሌላው ታች ይሰበሰባል፣ አትደንግጪ፣ ወዲያው ይፈታል። አንድ አንድ እያደረግሽ ካወጣሽ በኋላ ሁለቱን ወይም ሦስቱን መልሰሽ አጣምሪ። ስስ ሸማ ላይ ስድስቱን ባንዴ ማስገባት ድሩን ገፍቶ ያጨናንቀዋል። ከሽብሸባሽ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ደግሞ ማወጠሪያ ላይ ስትሠሪ መርፌውን ወደ ታች አውርጂ፣ ክሩን ሳቢ፣ ከዚያ ወደ ላይ አውጪ። ባንድ እጥፍ ወግተሽ አታሳልፊው። ክሩ ጨርቁ ላይ ይረፍ እንጂ አያንቀው። ማታ ማታ ማወጠሪያውን ፍቺ፤ ሦስት ሳምንት ከቆየ ክቡ ምልክት ይተዋል። ጀርባው ላይም አትቋጥሪ፣ ጫፉን በሠራሽው ስር አሳልፈሽ ቁረጪ፤ ቋጠሮ ሲተኮስ በፊት በኩል ያብጣል።

ስፌት ቤት አለኝ (መርካቶ)፦
እማማ ያሉት ትክክል ነው። ጨርቁ ሳይታጠብ መጠለፉም ሽብሸባ ያመጣል፤ አዲስ ሸማ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ጥልፉ ግን አብሮ አይሰበሰብም። ስለዚህ ቀሚሱ ገና ውሃ ካልነካ ሲታጠብ ሽብሸባው ሊጨምር ይችላልና ተዘጋጂ።

ደረቱን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የቀይ ክሩን ቁራጭ አርጥበሽ በነጭ ጨርቅ መሃል ጭነሽ አሳድሪው፤ ነጩን ከነካው ቀሚሱም ያው ዕጣ ይደርሰዋልና በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ እጠቢ። ቀለሙ መልቀቁን ካቆመ በኋላ፣ ቀሚሱ እርጥበት ሳይለቀው ወፍራም ፎጣ ላይ ፊቱን ወደ ታች ገልብጠሽ ድሩንና ማጉን ተከትለሽ በእጅሽ ወጥሪ፤ በሰያፍ አትጎትቺ። ከጀርባው ተኩሺ፤ ካውያውን እያነሳሽ አስቀምጪ እንጂ አትግፊው። ጥልፉ ፎጣው ውስጥ ስለሚሰምጥ አይደፈጠጥም። ለእጅጌው ከስሩ የታጠበ ስስ አቡጀዲ ወይም ሻሽ ደርበሽ አብረሽ ጥለፊው።

ደረቱን ፍቺው የሚልሽ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ሸማ ላይ የተፈታ ጥልፍ ቀዳዳው ይቀራል። መስቀል ደግሞ ረዘም ብሎ ቢቆም ያምራል እንጂ አያስቀይምም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁት፦
እዚህ የፈረንሳዩን ዲኤምሲ ክር በየዕቃ መደብሩ እናገኛለን። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ክር አለው፣ እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው። ቀዩ 321 ነው፤ ደመቅ ያለ ከፈለግሽ 666። ቁጥሩን ከያዝሽ ዛሬም የዛሬ ዓመትም ያንኑ ቀይ ታገኛለሽ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቁጥሩን ላኪለት፣ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም። ሆኖም እሱንም ቢሆን ነጭ ጨርቅ ላይ ሳትፈትኚ አትጀምሪ፤ ቀይና ጥቁር ሁልጊዜ ይፈተናል።

ጀማሪዋ (አዳማ)፦
ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ማታ ውሃው ንጹሕ ሆኖ አደረ! ነጠላውን ጥላ ላይ ዘርግቼ አደረቅኩት። አንዱ ጫፍ ላይ ብቻ፣ ከጥለቱ አጠገብ፣ አውራ ጣት የምታህል የሮዝ ጥላ ቀርታለች። የደረቱን ሽብሸባ በፎጣው ዘዴ ተኩሼው አብዛኛው ተዘርግቷል፤ ደረቱን አልፈታውም። እጅጌውን በአምስት ለአራት ጀምሬ አራት ካሬ ሠራሁና በማስመሪያ ለካሁ፣ እኩል ነው! ያቺን የሮዝ ጥላ ግን ምን ላድርጋት? እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?

እማማ (ኔታንያ)፦
ልጄ፣ ካውያ ሳይነካት አንድ ሌሊት ደግመሽ ዘፍዝፊያት። ካልለቀቀች በዚያችው ቦታ ላይ ትንሽ መስቀል ጥለፊባት፣ በሌላኛውም ጫፍ እኩያዋን ድገሚ። በቢጫ ወይም በአረንጓዴ ይሁን፣ በቀዩ አይሁን።