የእስያ ዩኒቨርሲቲዎች ግኝት፦ አጣሪው ማን ነው?

አባ ጠርጥር፦
ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ «ከእስያ ዩኒቨርሲቲዎች በየሳምንቱ ዓለምን የሚለውጥ ግኝት እየወጣ ነው፤ የምዕራቡ ዘመን አብቅቷል» እያለ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያሞካሽ አመሸ። በየሳምንቱ! ሰው እንዲህ ቶሎ ይረሳል? (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ2023 ሐምሌ ወር ሴኡል ያሉ ተመራማሪዎች ኤልኬ-99 የሚባል ቁስ ይዘው ብቅ አሉ። እስከ 127 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሱፐርኮንዳክተር ነው፣ ኤሌክትሪክ ቅንጣት ሳይባክን ያልፍበታል አሉ። የአክሲዮን ገበያው ሰከረ፣ ጋዜጣው አበደ፣ ወር ሳይሞላ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ቀደም ሲል ደግሞ የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ሁዋንግ ዉ ሱክ ነበሩ፤ በክሎኒንግ (ከአንድ ሰው ህዋስ በመቅዳት) ከተሠራ የሰው ፅንስ ስቴም ሴል፣ ማለትም ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ ሊለወጥ የሚችል ህዋስ፣ አወጣሁ ብለው በ2004 እና በ2005 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ አሳተሙ፤ ሁለቱም ጽሑፎች ተሰረዙ። የሼንዘኑ ሄ ጂያንኩይ በ2018 የመንትያ ሕፃናትን ዘረመል ነካክቶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። የእኔ አቋም አጭር ነው፦ ከእስያ የሚመጣ ግኝት ሌላው ዓለም እስኪያጣራው ድረስ ዜና እንጂ ዕውቀት አይደለም።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
«ሌላው ዓለም እስኪያጣራው ድረስ»! እስቲ ንገረኝ፣ ኤልኬ-99ን ያጣራው የትኛው ሌላ ዓለም ነው? ቤጂንግ ያለው የቻይና ሳይንስ አካዳሚ የፊዚክስ ተቋም ነው የኤሌክትሪኩን ነገር የፈታው፤ ቁሱ ሲሠራ ከመዳብና ከድኝ የተፈጠረ ጉድፍ አብሮት እንደሚቀር፣ ከ100 ዲግሪ በላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ጠባዩ በድንገት የሚለዋወጠውም የዚያ ጉድፍ እንደሆነ አሳየ። ማግኔት ላይ ለምን ብድግ እንደሚል የመረመሩት የፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ናቸው፤ ተራ የማግኔት ጠባይ ነው አሉ። ኒው ዴልሂ ያለው የሕንድ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠርቶ ሞክሮ ሱፐርኮንዳክተር አይደለም አለ። በዚያው በኮሪያ የሱፐርኮንዳክተር ባለሙያዎች ማኅበር አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ በታኅሣሥ 2023 ማስረጃ የለም ብሎ ዘጋው። ሌላው ዓለም ያልከው የት ሄዶ ነበር?

አባ ጠርጥር፦
ጀርመን። ሽቱትጋርት የሚገኘው ማክስ ፕላንክ ተቋም ከጉድፍ የጸዳውን ክሪስታል አብቅሎ ኤሌክትሪክ ጨርሶ እንደማያስተላልፍ ባያሳይ ኖሮ እስከ ዛሬ ስንከራከር ነበር። ለኮሪያ ያለህን ፍቅር አውቃለሁ፤ አያትህ በ1951 ፑሳን ወርደዋል፣ ክብር ይገባቸዋል። ውለታ ግን ለቤተ ሙከራ ውጤት ዋስ አይሆንም።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
አያቴን ተዋቸው። ሽቱትጋርት ከቤጂንግ ቀናት ዘግይቶ ነው የደረሰው፤ ሥራቸውም ግሩም ነው። የቀደመውን ደብቀህ የተከተለውን ብቻ ማውራት ግን ማጣራት አይባልም።

እቴጌ ቀመር፦
እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። አባ ጠርጥር የ2023 ሱፐርኮንዳክተር ሲነሳ ሴኡልን ብቻ ለምን አስታወስክ? በዚያው ዓመት በመጋቢት ኒው ዮርክ ግዛት ካለው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ራንጋ ዲያስና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ነገር «ኔቸር» ላይ አሳተሙ፤ በኅዳር ተሰረዘ። የ2020ው ጽሑፋቸውም ከዚያ በፊት ተሰርዟል። የኮሪያዎቹ ቢያንስ ማንም ገና ያልገመገመው ጽሑፍ ነበር፤ በይነመረብ ላይ ለጥፈው «ይኸው፣ ሞክሩት» አሉ። የአሜሪካኖቹ የተከበረውን መጽሔት በር አልፎ ነው የወደቀው። የቱ ይብሳል?

አባ ጠርጥር፦
ዲያስ የተወለደው ስሪላንካ ነው።

እቴጌ ቀመር፦
እግዚኦ! የትውልድ ቦታ መቁጠር ጀመርን? ደመወዙ የአሜሪካ፣ ቤተ ሙከራው የአሜሪካ፣ ውድቀቱ ብቻ የእስያ?

ከዉሃን የተመለሰ፦
ሁለታችሁም ከውጭ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። ኤልኬ-99ን ራሳቸው ሠርተው ማግኔት ላይ የሚንሳፈፍ ቅንጣት ቪዲዮ ከለጠፉት ውስጥ የዉሃን ልጆች አሉ፤ ሁዋጆንግ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። እዚያው ከተማ ነው የተማርኩት። አባ ጠርጥር በምክንያቱ ተሳስቷል፤ በጥርጣሬው ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ክፍል ጽሑፍ ሳያሳትሙ መመረቅ አይታሰብም ነበር። ጽሑፉ ምን አገኘ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የት ወጣ፣ መጽሔቱ ስንት ነጥብ አለው ነው። ለአንድ ጽሑፍ በጥሬ ገንዘብ መሸለም የተለመደ ስለነበር መንግሥት ራሱ በ2020 ከለከለው። ሂንዳዊ የተባለው አሳታሚ በ2023 ከ8,000 በላይ ጽሑፎችን ሲሰርዝ አብዛኞቹ ላይ የቻይና ደራሲያን ስም ነበር። እዚያ ቆይቼ የጽሑፍ ብዛትን አይቼ መደነቅ ትቻለሁ።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ይህ ለአባ ጠርጥር ድጋፍ ነው ወይስ ተቃውሞ?

ከዉሃን የተመለሰ፦
ለማንም አይደለም። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መሣሪያ ሲጠብቁ የሚያድሩ፣ ውጤታቸው ካላረካቸው ዓመት ሙሉ የማያሳትሙ ሰዎችም ነበሩ። ሄ ጂያንኩይ ነገሩን ይፋ ባደረገ ጊዜ ወዲያውኑ ከ100 በላይ የቻይና ሳይንቲስቶች ስማቸውን ፈርመው አወገዙት፤ የሼንዘን ፍርድ ቤት ሦስት ዓመት አሰረው። ሁለቱም አንድ አገር ናቸው።

መምህር ዘባሕር ዳር፦
ልጆቼ፣ ጥፋቱ «በየሳምንቱ» ያለው አቅራቢ ላይ ነው። እውነተኛው ግኝት በየሳምንቱ አይመጣም። ኢሳሙ አካሳኪ ሌላው ተመራማሪ ተስፋ የቆረጠበትን ጋሊየም ናይትራይድ የሚባል ቁስ ይዘው ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲታገሉ ኖሩ፤ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከተማሪያቸው ከሂሮሺ አማኖ ጋር ሆነው ጥሩ ክሪስታል ያገኙት በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሰማያዊው ኤልኢዲ የመጣው ከዚያ ነው፤ ኖቤሉ በ2014። ነጭ ብርሃን የሚሰጠው የኤልኢዲ አምፖል ያለ ሰማያዊው አይሆንም። ዛሬ መስመር ባልደረሰበት ገጠር ልጅ የሚያጠናባት የፀሐይ መብራት የዚያ ልፋት ውጤት ናት። የዮኮሃማው ቶይን ዩኒቨርሲቲ ሱቶሙ ሚያሳካም በ2009 ከተማሪያቸው ጋር ፔሮቭስካይት ከሚባል የክሪስታል ዓይነት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሲሠሩ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ብርሃን 3.8 በመቶ ብቻ ነበር። ማን ዞር ብሎ አየው? አሁን በኮሪያና በቻይና ቤተ ሙከራዎች ከ26 በመቶ አልፏል፤ እርጥበትና ሙቀት ቶሎ ስለሚያበላሹት የተለመደው የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራበትን ሲሊከንን ገና አላባረረውም። ለሬዲዮ አይመችም፤ ምርምር ግን ይህ ነው።

አባ ጠርጥር፦
መምህር፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ግን ጃፓንን አያምጡብኝ። ጃፓን ሌላ ነገር ነው።

እቴጌ ቀመር፦
ጃፓን እስያ አይደለችም? ስሪላንካዊው ሮቸስተር ሲወድቅ እስያ ነው፤ ጃፓናዊው ናጎያ ሲያሸንፍ «ሌላ ነገር» ነው። እስያ ያልከው የወደቁት ሰዎች ስም ዝርዝር ነው እንዴ?

አባ ጠርጥር፦
ጃፓን ምርመራዋ ጠንካራ ነው ለማለት ነው።

እቴጌ ቀመር፦
እሺ፣ ተራ ህዋስ በአሲድ ተነክሮ እንደ ስቴም ሴል ይሆናል የተባለላቸው ስታፕ የሚባሉት ህዋሶችስ? ኮቤ፣ ሪከን ተቋም፣ 2014፣ ሁለት ጽሑፎች «ኔቸር» ላይ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተሰረዙ። በዚያው በኮቤ በዚያው ዓመት፣ የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ሺንያ ያማናካ በ2006 ባገኙት፣ ተራ ህዋስን ወደ ስቴም ሴል በሚመልሰው መንገድ ከታማሚዋ ከራሷ ቆዳ የተሠራ የዓይን ህዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተከለ። አንዲት ከተማ፣ አንድ ዓመት፤ አንዱ ቅሌት፣ አንዱ ታሪክ። አሁን ኮቤን በየትኛው ዝርዝር ትጽፋታለህ?

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ወደ ሁዋንግ ልመልሳችሁ፤ አባ ጠርጥር በድፍረት ነው የጠራቸው። የሁዋንግን ጽሑፍ ገምግሞ ያሳለፈው የአሜሪካው «ሳይንስ» መጽሔት ነው። በ2005ቱ ጽሑፍ ላይ ከፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ የመጣ አሜሪካዊ ተባባሪ ደራሲ ነበረበት። ሌላው ዓለም አጣርቶ «ይለፍ» ብሎ ነበር ማለት ነው! ያጋለጣቸው የኮሪያ ቴሌቪዥን የምርመራ ዝግጅትና ስማቸውን ሳይጠቅሱ በይነመረብ ላይ «ፎቶግራፎቹ ተደጋግመዋል» ብለው የጻፉ ወጣት የኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው። ከዚያ የራሳቸው ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ መረመረ፤ በጥር 2006 ዘጋው። በክሎኒንግ የተገኘችው ውሻ ስናፒ እውነተኛ መሆኗን እንኳ አልካደም፤ እውነቱን ከውሸቱ ለይቶ አወጣ። የፈረንጅ ማጣሪያ እንዲህ ነው?

አባ ጠርጥር፦
ግማሹን ተረክህ። ቴሌቪዥኑ ሲያጋልጥ ሕዝቡ ምን አደረገ? በጣቢያው ላይ ተነሳ፤ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች አንድ በአንድ ጥለውት ወጡ፤ ለሰውየው ሴቶች እንቁላላቸውን ለመለገስ ተሰለፉ። መንግሥት ቀድሞ ለሥራቸው የፖስታ ቴምብር አትሞ ነበር። እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ ሳይንቲስት ባንዲራ ሲሆን። በ2024ም ተመልከት፤ መንግሥት የምርምር በጀት ሲቀንስ ካይስት በሚባለው የኮሪያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ለፕሬዚዳንቱ የጮኸ ተመራቂ አፉን ታፍኖ ተጎትቶ ወጣ።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ካልክ አይቀር፣ አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ ወደ 5 በመቶ ለምርምር የምታወጣ ናት። ስለ ምርምር በጀት በምረቃ ቀኑ የሚጮህ ተመራቂ እኛ ዘንድ አለ? የእኛ ተመራቂ የሚጮኸው ሥራ ስጡኝ ብሎ ነው፤ አልፈርድበትም።

ከዉሃን የተመለሰ፦
የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። እኛም ዘንድ እኮ የመምህራን ደረጃ ዕድገት የሚታየው በታተመ ጽሑፍ ቁጥር ነው። ገንዘብ ከፍለህ በሳምንት የሚያትምልህ መጽሔት ሞልቷል። ቻይና ቢያንስ ችግሩን አይታ በ2023 መጨረሻ ዩኒቨርሲቲዎቿ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሰረዙ ጽሑፎቻቸውን ሁሉ እንዲያስመዘግቡና እንዲያብራሩ አዝዛለች።

መምህር ዘባሕር ዳር፦
ይህስ እውነት ነው። እኔም ከተማሪዎቼ ጋር ያሳተምኩትን ሁሉ ብታነቡ አታመሰግኑኝም።

ከሃይፋ፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ይቅርታ። ስለ እስያ ስታወሩ እስራኤልን ማን አወጣት? ሃይፋ ያለው የቴክኒዮን ዩኒቨርሲቲ ሰው ዳን ሼክትማን በ1982 በማይክሮስኮፕ ውስጥ መኖር የለበትም የተባለውን የአተም አደራደር አየ። ሳቁበት፤ ከምርምር ቡድኑም አስወጡት። ሁለት ጊዜ ኖቤል የወሰደው አሜሪካዊው ላይነስ ፖሊንግ እስኪሞት ድረስ አልተቀበለውም። ሼክትማን በ2011 ብቻውን ኖቤል ወሰደ። እንግዲህ አባ ጠርጥር «ሌላው ዓለም» ያልከው ዳኛ እንዲህም ያደርጋል። ተጠራጣሪ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

አባ ጠርጥር፦
ወንድሜ፣ ሼክትማን ያንን ያየው ሃይፋ አይደለም። ለምርምር ፈቃድ ወጥቶ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባለው የመለኪያና ደረጃ ተቋም ውስጥ ነበር። ማይክሮስኮፑም የእነሱ ነው።

ከሃይፋ፦
የሳቁበትና ያስወጡትም የእነሱ ናቸው! ያመነው፣ አብሮትም የጻፈው ኢላን ብሌክ ግን የቴክኒዮን ሰው ነበር።

እቴጌ ቀመር፦
አያችሁት? ዲያስ አሜሪካ ሲሳሳት በትውልዱ እስያዊ ሆነ። ሼክትማን አሜሪካ ሲያገኝ በማይክሮስኮፑ አሜሪካዊ ሆነ። አባ ጠርጥር፣ ይህ ሚዛን የት ይሸጣል? እኔም ልግዛ።

አባ ጠርጥር፦
ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። እኔ ስሜን አላፍርበትም። እናንተ ያሸነፉትን እየቆጠራችሁ ነው፤ እኔ የወደቁትን። ሁለታችንም እየመረጥን ነው።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
አይደለም። አንተ «ሌላው ዓለም ያጣራው» አልክ፤ እኛ እዚያው የተጣራውን አሳየንህ። ስለ ቁጥር አልነበረም።

ከዉሃን የተመለሰ፦
የወባ መድኃኒቱንስ ማን አጣራው? አገር ቤት ስንታመም የምንውጠው ኮአርተም መሠረቱ አርቲሚሲኒን ነው፤ ቱ ዩዩ ቤጂንግ ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከተክል ያወጣችው። ኖቤሉ የመጣው በ2015 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ሰው ድኗል? ዜና ብቻ ነበር?

አባ ጠርጥር፦
ቱ ዩዩ የባህላዊ ሕክምና አካዳሚ ሠራተኛ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ አይደለም። ርዕሱ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደግሞ «ያወጣችው» አይባልም፤ በዕድሜ አያትህ ይሆናሉ።

ከዉሃን የተመለሰ፦
ስለ ወባው መልስ ስታጣ ስለ አንቱታ አስተማርከኝ። እሺ፣ ያወጧት።

መምህር ዘባሕር ዳር፦
«ያወጡት» ነው ልጄ፤ የወጣው መድኃኒቱ ነው።

እቴጌ ቀመር፦
ዩኒቨርሲቲ ካልሆነ አይቆጠርም ካልን፣ ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር ኖቤል የተካፈሉት ሹጂ ናካሙራም ይውጡ፤ ሰማያዊውን ኤልኢዲ ለገበያ ያበቁት ኒቺያ በሚባል ኩባንያ ተቀጥረው ነው። ኩባንያው ለፈጠራቸው 20,000 የን ሸልሟቸው ፍርድ ቤት ከስሰውታል።

የቃኘው የልጅ ልጅ፦
ናካሙራ የቶኩሺማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ናቸው። ይቆጠራሉ።

አባ ጠርጥር፦
በምሩቅነት ከሆነማ ዲያስም የመጀመሪያ ዲግሪውን የተማረው ስሪላንካ ነው። እቴጌ፣ አሁን የእስያ ነው ወይስ የአሜሪካ?

እቴጌ ቀመር፦
የሮቸስተር ነው። ጽሑፉ ላይ የተጻፈውን አድራሻ አንብብ።

አባ ጠርጥር፦
የሼክትማን ጽሑፍ ላይ የተጻፈውንስ አድራሻ አንብበሻል?

ከሃይፋ፦
እኔ አንብቤዋለሁ። ከአራቱ ደራሲያን ሁለቱ የቴክኒዮን ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ፈረንሳዊ ነው። እስቲ እሱን ለማን ትሰጠዋለህ?