ጉድጓድ መቆፈር የስፖርት ማርክ ያሰጣል?

ሰላም፣ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ። የሰውነት ማጎልመሻ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በጎ ፈቃድ ሥራ ይወጣሉ፤ ችግኝ ይተክላሉ፣ ቦይ ይጠርጋሉ። አሁን ርዕሰ መምህሩ "ሰዓቱ በስፖርት ማርክ ይያዝላቸው፣ መስፈርቱን አንተ አውጣ" ብሎኝ ሄደ። በአፍ ቀላል ነው!

ሰዓት መቁጠር ብቻ አልዋጥልህ አለኝ። ባለፈው አብሬያቸው ወጥቼ አንዷ ልጅ በዶማ ስትቆፍር ላቧ ጠብ ጠብ ይላል፣ ላናግራት ብል በቁርጥራጭ ቃል ነው የምትመልሰው፤ አጠገቧ ያለው ልጅ ደግሞ ወረቀት ይዞ ስም ሲመዘግብ ዋለ። ሁለቱም "3 ሰዓት" ይባልላቸው? የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ስም መመዝገብ እዚያ ውስጥ አይገባም መቼም። ግን ልጁስ ምን አጠፋ? ሥራውን የሰጠነው እኛ ነን።

ለጊዜው ያሰብኩት በትንፋሽ መለካት ነው፦ ማውራት ችሎ መዝፈን ካቃተው መካከለኛ፣ ጥቂት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ ካጠረው ጠንካራ። ታዲያ 40 ልጅ ተበታትኖ ማን ይከታተላል? ራሳቸው ይሙሉ ካልኩ ሁሉም "ሞቼ ነው የዋልኩት" ነው የሚለው። ደግሞ ኳስ መቀበልና ሚዛን መጠበቅ በዶማ አይመዘንም፤ ስለዚህ ከጠቅላላው ማርክ ስንት እጁን ልስጥ? አካል ጉዳት ያለባቸውንስ በምን ልያዝ?

የሞከራችሁት ቅጽ ካለ በናታችሁ ላኩልኝ፣ ሰኞ ማስረከብ አለብኝ።