የነብራስካ ሰፋሪ የነበረች ምንጅላት፤ የአባቷን ቤት ስም እንዴት ላግኝ?

የመንታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ የእሱን ወገን የዘር ሐረግ ለልጆቼ እየጻፍኩ ነው። አንዲት ምንጅላቱ ላይ ስደርስ ነገሩ ተቆለፈብኝ። እ.ኤ.አ. በ1880 የሕዝብ ቆጠራ ነብራስካ ውስጥ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተመዝግባለች፣ ዕድሜ 35። ኦሃዮ እንደተወለደች፣ አባቷ የፔንሲልቬንያ፣ እናቷ የአየርላንድ ተወላጆች እንደሆኑ ይላል። የመጀመሪያ ልጇ በ1866 ኢሊኖይ ነው የተወለደው። በ1900 ባሏ ሞቶባት ራሷ የቤቱ አባወራ ሆና ትታያለች። የመሃሉ የ1890 ቆጠራ በ1921 በደረሰበት እሳት ምክንያት የለም ማለት ይቻላል። ያን ሁሉ ልጅ በዚያ ሜዳ ያሳደገች ሴት በባሏ ስም ብቻ መቅረቷ በጣም ያሳዝነኛል። ሳታገባ በፊት የማን ልጅ ነበረች? ከየት ልጀምር?

ዘር ቆጣሪ፦
እህቴ፣ ከልጆቿ ጀምሪ። ነብራስካ በክፍለ ግዛት ደረጃ ሞት መመዝገብ የጀመረችው በ1904 ነው፤ ከዚያ በኋላ እዚያ የሞቱ ልጆቿ የሞት ምስክር ወረቀት ላይ የእናት ስም የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ብዙ ጊዜም የሚጻፈው ከጋብቻ በፊት የነበራት ስም ነው። የአንዱን ብቻ አይተሽ ግን አትመኚ። ቃሉን የሰጠው አያቱን በዓይኑ ያላየ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። የሁሉንም አውጪና አስተያዪ።
ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ ኢሊኖይ ከተወለደ ሰርጉም እዚያው ሳይሆን አይቀርም። የኢሊኖይ ቤተ መዛግብት እስከ 1900 ድረስ የነበሩ ጋብቻዎችን ማውጫ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። በባልየው ስም ፈልጊ።

የድሮ ወረቀት፦
መሬቱስ? ለሰፋሪ የመንግሥት መሬት በነፃ በሚሰጠው በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር (65 ሄክታር ገደማ) ወስደው ከሆነ፣ አምስት ዓመት ኖረውበት ማረሳቸውን በምስክር ማረጋገጥ ነበረባቸው። ባል ከዚያ በፊት ከሞተ ሚስትየው በራሷ ስም መጨረስ ትችል ነበር። ፋይሉ ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው ያለው። ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ ጉድጓድ መቆፈሩ፣ ስንት ኤከር እንደታረሰ፣ የቤተሰቡ ብዛት ሁሉ ሊገኝበት ይችላል። እኔ ይሄን ፋይል በጣም ነው የምወደው፤ ቆጠራው ላይ «የቤት እመቤት» ተብላ የታለፈች ሴት እዚህ የራሷን ቃል ስትሰጥ ልታገኚያት ትችያለሽ። ምስክሮቹንም ልብ በያቸው። ጎረቤት የተባለው ሰው ወንድሟ ወይም የእህቷ ባል ሊሆን ይችላል።

መዝገብ ፈላጊ፦
ባልየው በእርስ በርስ ጦርነቱ ለሰሜኑ ዘምቶ ነበር? የ1890ው ቆጠራ ቢጠፋም በዚያው ዓመት የሰሜኑ ጦር ዘማቾችና የሟች ዘማቾች ሚስቶች ለብቻ ተመዝግበዋል፣ የነብራስካው ተርፏል። እዚያ ካገኘሽው የጡረታ ፋይሏን ጠይቂ። የሟች ዘማች ሚስት ጡረታ እንዲፈቀድላት መቼና የት እንዳገባች ማስረዳት ነበረባት፤ ወረቀት ከሌላት ደግሞ የሚያውቋት ሰዎች ቃለ መሐላ ይሰጡላታል።

የመንታ እናት፦
ዘምቷል! የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የኢሊኖይ እግረኛ ጦር የሚል አለ። እንግዲያው ማውጫውን ዛሬ ማታ አያለሁ፣ ጡረታውን ደግሞ አዝዛለሁ። ስም ባገኝስ፣ ትክክለኛዋ እሷ መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ዘር ቆጣሪ፦
በ1850ው ቆጠራ። ከዚያ በፊት በስም የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር፤ ያኔ ግን ነፃ የሆነ ሰው ሁሉ ሕፃን ሳይቀር በስሙ ተመዘገበ። የዚያ ቤተሰብ ስም ያላት የአምስት ዓመት ገደማ ልጅ ፈልጊ፣ መጀመሪያ ኦሃዮ፣ ካጣሽ ኢሊኖይ። አባት ፔንሲልቬንያ፣ እናት አየርላንድ የሚል ካለ ተቃርበሻል። ሰው ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን የዘር ሐረግ ግን ወረቀቱን ሳታዪ እንዳትገለብጪ።