አንገብጋቢው ሁሉ በዝቶብኝ የሚበልጠውን ማስቀደም አቃተኝ

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ዕድሜዬ 38 ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ከንጋት እስከ ምሽት እጄ ሥራ አይፈታም፤ ማታ ጋደም ብዬ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ስል ግን ልቤን የሚያሳርፍ አንድ ነገር እንኳ አጣለሁ። ባለፈው ሳምንት ትንሿ ልጄ የሣለችውን ይዛ አጠገቤ ስትቆም፣ ዓይኔን ከስልኬ ሳልነቅል «ቆይ፣ መጣሁ» አልኋት፤ ስመለስ ወረቀቱን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ሁሉም ነገር አንገብጋቢ በሚመስልበት ጊዜ የሚቀድመውንና የሚተወውን እንዴት ትለያላችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ ጊዜዎ የት እንደሚሄድ ይወቁ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ተኝተው፣ በሳምንት 45 ሰዓት ሠርተው 67 ሰዓት ይተርፋል። የቤት ውስጥ ሥራና መንገድ ከዚህ ላይ ብዙውን እንደሚወስዱ አልክድም። እኔ ግን ለአንድ ሳምንት የእያንዳንዱን ግማሽ ሰዓት ውሎ በደብተር ስመዘግብ፣ ለአባቴ ለመደወል ጊዜ አጣሁ እያልሁ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል የማላውቃቸውን ሰዎች ወሬ ስከታተል እንደማመሽ ተረዳሁ። ያን ገጽ ሳይ ያዘንሁት ሐዘን ከማንኛውም ምክር በላይ ለወጠኝ።

መልስ 2፦
የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ንግግር፣ የአንድ የቀድሞ የኮሌጅ ኃላፊን አባባል ጠቅሰው በአጣዳፊና በአስፈላጊ ጉዳይ መካከል ያለውን ልዩነት አንሥተው ነበር። ይህን ልዩነት ጠያቂያችን ራሳቸው አሳይተውናል፤ ስልኩ ይጮኻል፣ ልጅቱ ግን ዝም ብላ ትቆማለች። የማይጮኸው ነገር ቁርጥ ያለ ሰዓት ካልተመደበለት ሁልጊዜ ይዘለላል፤ ስለዚህ የሳምንቱን ዕቅድ ሲያወጡ የልጆችዎን፣ የጤናዎንና የእንቅልፍዎን ሰዓት አስቀድመው ይጻፉ፤ ሌላው በቀረው ቦታ ይግባ። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰዎችን ሕይወት ለአሥርት ዓመታት የተከታተለው ጥናትም፣ መልካም የቅርብ ግንኙነት ለጤናና ለደስታ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሳይቷል።

መልስ 3፦
በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሰዓት መመደብ የሚቻለው አንድ ነገር ሲለቀቅ ብቻ ነው። እኔ ሦስት ዓመት የያዝሁትን የማኅበር ጸሐፊነት ለማስረከብ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ሰው ይቀየመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። የታመመ የሚያስታምም ወይም አራስ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ የሚለቀው ነገር ስለማይኖረው፣ ለእርሱ ሸክሙን የሚጋራ ሰው መፈለግ ይቀድማል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ደብተሩን ትናንት ጀምሬአለሁ። ከእራት በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ለልጆቼ ሰጥቼ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍሁት፤ ሥዕሉንም አሳዪኝ ብያት በመጨረሻ አየሁት። አራታችንን ነበር የሣለችው፤ እኔን ከሁሉም አግዝፋኛለች።